እጅን ኪስ መክተት ብቻውን ዒላማ አያስመታም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በስፖርት ገጻችሁ የቱርኩን ተኳሽ የዩሱፍ ዲኬችን ፎቶግራፍ አትማችሁ ሰውየው አንድ እጁን ኪሱ ከቶ እንደ ዋዛ ተኩሶ የብር ሜዳልያ እንደወሰደ ጽፋችኋል። ሜዳልያውን ማግኘቱ እውነት ነው። ሐምሌ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒክ የተኩስ ውድድሩ በተካሄደባት በሻቶሩ ከተማ፣ ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር ተጣምሮ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ (በባሩድ ሳይሆን በታመቀ አየር በሚተኩስ ሽጉጥ) ለፍጻሜ ደርሶ በሰርቢያዎቹ በዞራና አሩኖቪችና በዳሚር ሚኬች 16 ለ14 ተሸንፏል። ብዕር ያስነሳኝ «እንደ ዋዛ» የምትለዋ ናት። ለሰውየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2008ቱ የቤጂንግ ውድድር ጀምሮ ሲቆጠር አምስተኛ ኦሎምፒኩ ነበር። ኪስ ውስጥ የገባው እጅ የአቋቋሙ የመጨረሻና ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ክፍል ያተማችሁት ፎቶ ላይ የለም፤ ፎቶው ከወገብ በታች ተቆርጧልና እግሩ አይታይም።

የዚህን ውድድር ሕግ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ቁጥር ላስቀምጥ። የሚተኮሰው ቆሞ፣ በአንድ እጅ፣ ያለ ምንም ድጋፍ ነው። የዒላማው መሐል ከወለሉ 1.40 ሜትር ከፍ ይላል። አሥር ነጥብ የምታስገኘው ክብ የጎን ስፋቷ 11.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች። ሽጉጡ ከ1,500 ግራም መብለጥ፣ ምላጩም ከ500 ግራም ባነሰ ግፊት መልቀቅ አይፈቀድለትም። እጀታው የእጅ አንጓን መደገፍ፣ ጫማውም ቁርጭምጭሚትን መሸፈን ክልክል ነው። ሕጉ የሰውን ልጅ ሁለቱን ዋና ዋና መወላወያዎች ሆን ብሎ ክፍት ትቷቸዋል ማለት ነው። ለተኳሹ የቀረው ድጋፍ የራሱ አጥንት ብቻ ይሆናል፤ በዚያም በግል ውድድር 60 ጥይት በ75 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሳል።

ሰው የሚያምታታቸው ሁለት ዓይነት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው ሰውነት፣ ክንድና ሽጉጥ አንድ ላይ ሆነው ወደ ጎን ሲንሳፈፉ የሚመጣው ነው። ሁሉም እኩል 3 ሚሊ ሜትር ቢንሳፈፉ ጥይቱም የሚስተው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከአሥሯ አይወጣም። ሁለተኛው አንጓ ሲታጠፍ የሚመጣው ነው። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት አለ እንበል፤ የፊተኛው ከኋላው ክፍተት መሐል 1 ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ካለ፣ 10 ሜትር ላይ ሲደርስ 30 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይጠብቃል። አሥር ይሆን የነበረው ሰባት ሆነ ማለት ነው። ጥሩ አቋቋም መንሳፈፉን ያሳንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ማንም አላጠፋውም። ትልቁ ጥቅሙ አንጓውን ከእርማት ሥራ ማሳረፉ ላይ ነው። ተኳሹ አንጓውን ማጣመም የሚጀምረው እግሩ ያለቦታው ቆሞ ሽጉጡ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲጎትተው ነው። ይህችን ሳይረዱ በአንጓ ልምምድ ብዙ ወራት የሚያቃጥሉ አሉ።

ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው እንደሚያውቀው ሰውነት ዝም ብሎ አይቆምም፤ መቋሚያም ለጌጥ አልተያዘም። ቆመን ሳለን ከቁርጭምጭሚታችን ላይ እንደ ተገለበጠ ፔንዱለም እንወዛወዛለን። እግራችን በስፋት ከተከፈተ ወደ ግራና ቀኝ የሚኖረው መወዛወዝ ያንሳል፤ ከጣት ወደ ተረከዝ፣ ከተረከዝ ወደ ጣት ያለው ግን ይበረታል። አሁን ጎናችንን ለዒላማው ሰጥተን፣ አንዱን እግር ወደ ዒላማው ሌላውን በስተኋላው አድርገን ብንቆም፣ ብርቱው መወዛወዝ ሽጉጡን ወደ ግራና ቀኝ ይወስደዋል። ደረታችንን ለዒላማው ብንሰጥ ደግሞ ያው መወዛወዝ ሽጉጡን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ያንቀሳቅሰዋል፤ ያ በነጥብ ላይ ብዙ ጉዳት የለውም። ታዲያ ሁሉም ለምን ፊት ለፊት አይቆምም? ክንድ በደረት ፊት ሲዘረጋ የደረት ጡንቻ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ትከሻውም ማረፊያ አጥቶ ይንቀጠቀጣል። ሙሉ በሙሉ ጎን መስጠትም የራሱ ቅጣት አለው፦ አንገት እስከ ጥጉ ይጠመዘዛል፣ ዓይን በአፍንጫ ጥግ ያያል፣ መነጽር የሚያደርግ ሰውም በመስታወቱ ጠርዝ ለማየት ይገደዳል።

ስለዚህ መሐሉ ይፈለጋል። በሁለቱ እግሮች የሚያልፈው መስመር ከተኩስ መስመሩ ጋር ከ15 እስከ 45 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ቢሠራ አብዛኛው ሰው ይመቸዋል። አንድ ቁርጥ ቁጥር የሚሰጥ አሠልጣኝ ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩት። አንገቱ የደነደነ ጎልማሳ ሰፋ ያለ ማዕዘን ይሻል፤ ትከሻው ለስላሳ የሆነ ወጣት ጠበብ ባለው ይቆማል። የራስን ማዕዘን ለማግኘት ዓይንን ጨፍኖ፣ ዒላማን ረስቶ፣ ክንድን ወደ ጎን በትከሻ ከፍታ ማንሳትና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ ነው። ክንዱ ያለ ጉተታ የሚያርፍባት አንዲት ቦታ አለች። እሷን ካገኙ በኋላ የሚዞረው እግር ነው፤ ክንዱ ከዚያች ቦታ አይነቃነቅም።

በሁለቱ ተረከዞች መካከል ያለው ርቀት ከትከሻ ስፋት ጋር እኩል ወይም ትንሽ ጠበብ ይበል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ በጣም ይከፍተዋል፤ መጽናት የሚገኘው በመንሰራፋት ይመስለዋል። እግር ከልክ በላይ ሲከፈት የጭኑ ውስጠኛ ጡንቻ ይወጠራል፣ ዳሌው ይቆለፋል፤ ከ20 ጥይት በኋላ መንቀጥቀጡ ከታች ወደ ላይ ይመጣል። ጣቶች ትንሽ ወደ ውጭ ይዙሩ። ክብደት ለሁለቱም እግሮች ግማሽ ለግማሽ ይከፈላል፤ ተረከዝ ላይ ሳይደፋ ትንሽ ወደ አውራ ጣት ሥር ያደላል። ይህን በግምት ማወቅ አይቻልም፤ በመንገድ ዳር ሰው የሚመዝኑት ልጆች የሚይዙት ዓይነት ሚዛን ሁለት አምጥቶ በየእግሩ ሥር ማስቀመጥ ነው። ክንዱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ እኩል የነበረው ንባብ፣ ሽጉጡ ሲነሳ ወደ ፊተኛው እግር በብዙ ካጋደለ ሰውነቱ ማካካሻውን አልሠራም። ሁለቱም ሚዛኖች ቀድሞ አንድ ሰው ተመዝኖባቸው እኩል ማሳየታቸው መረጋገጥ አለበት፤ አለበለዚያ የሚዛኑን ጉድለት ስናርም እንውላለን።

ማካካሻው ምን ያህል ነው? አንድ ክንድ የሰውነትን ክብደት 5 በመቶ ያህል ይይዛል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 3.5 ኪሎ ክንዱንና አንድ ኪሎ ሽጉጡን ወደ ጎን ሲዘረጋ፣ የሰውነቱ የክብደት ማዕከል 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ዒላማው ይሸሻል። የላይኛው አካል ያን ያህል ብቻ ከሽጉጡ ተቃራኒ ዘንበል ማለት አለበት። ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር! ጀማሪዎች ግን ወገባቸውን እንደ ደጋን አጥፈው ወደ ኋላ ይጋደማሉ፤ ወር ሳይሞላቸው የታችኛው ጀርባ ሕመም ይጀምራቸዋል። ዘንበል ማለቱ የሚመጣው የፊተኛው ዳሌ በትንሹ ወደ ዒላማው ወጣ ሲልና አከርካሪው በላዩ ሲያርፍ ነው። ጉልበት ቀጥ ይበል እንጂ ወደ ኋላ አይገፋ። ወደ ኋላ የተገፋ ጉልበት ባትን ያደርቃል፤ የታጠፈ ጉልበት ደግሞ ጭንን ሲያሠራ ይውላል።

ከወገብ በላይ ያለው አጭር ነው። የሚተኩሰው ትከሻ ወደ ጆሮ አይውጣ፤ ክርን ተዘርግቶ ይቆለፍ፤ አንጓ ጠንክሮ በአንድ ቦታ ይጽና። ጭንቅላት ቀጥ ብሎ ወደ ዒላማው ይዙር፤ ማነጣጠሪያው ወደ ዓይን ይምጣ እንጂ ዓይን አገጭን አስግጎ ማነጣጠሪያውን አይፈልግ። ጭንቅላት ወደ ጎን ሲያጋድል በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን መጠበቂያ ትክክለኛ ወሬ አያደርስም፤ መወዛወዙም ይጨምራል።

አሁን ወደዚያ ዝነኛ ኪስ እንምጣ። ነፃው ክንድ ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ በራሱ ይወዛወዛል፤ ያንንም ወደ ትከሻ፣ ከትከሻም ወደ ሽጉጡ ያስተላልፋል። ኪስ ውስጥ ማስገባት፣ አውራ ጣትን ቀበቶ ላይ ማንጠልጠል፣ መዳፍን ሆድ ላይ መለጠፍ ሁሉም አንድ ሥራ ይሠራሉ። ዋናው ነገር ሁልጊዜ አንድ ቦታ መሆኑ ነው። ዛሬ ኪስ፣ ነገ ቀበቶ ከሆነ የትከሻ መስመር ይለወጣል፤ ጥይቱም አብሮ ይሄዳል። ኪሱ ጥልቅ ከሆነ ደግሞ እጁ ትከሻውን ወደ ታች ይጎትታል፤ እጅን እስከ አንጓ ብቻ መክተት ይበቃል። ዲኬች ያደረገው አዲስ ነገር አልነበረም፤ በዚህ ስፖርት የሚወዳደሩት አብዛኞቹ እጃቸውን ኪስ ወይም ቀበቶ ላይ ያሳርፋሉ። ዓለምን ያስገረመው እንደ ሌሎቹ ልዩ መነጽርና የዓይን መከለያ አለማድረጉ ይመስለኛል።

ከሁሉ የከበደው፣ ብዙ ሰውም የሚዘለው፣ አቋቋሙ በእርግጥ ወደ ዒላማው መመልከቱን ማረጋገጥ ነው። በባዶ ሽጉጥ፣ ጣት ከምላጭ ውጭ ሆኖ፣ አፈሙዝ ወደ ዒላማው ብቻ እንደዞረ ይሠራል። አነጣጥሩ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ክንዳችሁን አውርዳችሁ እንደገና አንሡ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሱ፤ ከዚያ ዓይናችሁን ክፈቱ። ሽጉጡ የቆመበት ቦታ እውነተኛው የአቋቋማችሁ አቅጣጫ ነው። ከዒላማው በስተቀኝ ከሆነ የኋላው እግር ወደ ቀኝ፣ በስተግራ ከሆነ ወደ ግራ ይሂድ፤ ማለትም የኋላው እግር ስሕተቱ ወደ ሄደበት ወገን ይከተላል። በቀኝ እጁ ለሚተኩስ ሰው ወደ ቀኝ ማለት ግራ እግሩን ወደ ተረከዙ በኩል መሳብ ነው። የፊተኛው እግር ማጠፊያ ሆኖ በቦታው ይቆያል። መጠኑ ላይ ተጠንቀቁ፦ በእግሮቹ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ካለና ሰውነት ሙሉ በሙሉ አብሮ ከዞረ፣ የኋላ እግር 1 ሳንቲ ሜትር ሲንቀሳቀስ ሽጉጡ 10 ሜትር ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ይዞራል። የዒላማው ወረቀት ራሱ 17 ሳንቲ ሜትር በ17 ነው፤ ወረቀቱን ሁሉ አልፎ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ እርማቱ ተረከዝን ጥቂት ሚሊ ሜትር ማሸሽ ነው። ከዚያ ፈተናውን መድገም፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ጥቁሩ ክብ ውስጥ ሲያርፍ ጫማችሁን ዙሪያውን በጠመኔ ወይም በፕላስተር ምልክት አድርጉ። በውድድር ቦታ ምልክት ማድረግ ካልተፈቀደ የወለሉን ስንጥቅ ወይም የጠረጴዛውን እግር ማስታወስ ነው።

ከዚህ በኋላ በተከታታይ ጥይቶች መካከል እግር አይነሣም። ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ይረፍ፤ ጥይት ሲጎርስም ከወገብ በላይ ብቻ ይሠራ። ብዙ ሰው ጥይት ለማንሳት ወደ ጠረጴዛው ሲዞር ሳያውቀው የኋላ ተረከዙን ያንፏቅቃል፤ 10 ጥይት ሳይሞላ ምልክቱን ለቅቆ ይገኛል። ጠረጴዛውን ራሱ ወደሚተኩሰው እጅ አስጠግቶ ማስተካከል ከዚህ ያድናል።

ወረቀቱ ስለ አቋቋም ይናገራል፤ ማንበብ ለሚችል። ቀዳዳዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ተዘርግተው ከላይ እስከ ታች ግን ጠባብ ከሆኑ፣ ቀድሞ የሚጠረጠረው የእግር ማዕዘን ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ከተዘረጉ ነገሩ ከእስትንፋስ ወይም ከደከመ ትከሻ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ጥሩ ሆነው ቀዳዳዎቹ ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከሸሹ እግር ተንቀሳቅሷል፤ ማነጣጠሪያውን ከመንካት በፊት ምልክቱን ማየት ነው። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሰው አልፎ አልፎ አንዲት ጥይት ወደ ታችና ወደ ግራ ከወረወረ ግን እግሩን አትውቀሱ፤ ምላጩን ነጥቋል።

ጫማ ላይ ጥቂት ልበል፤ በእኛ አገር የሩጫ ጫማ የስፖርት ጫማ ሁሉ ተምሳሌት ሆኗልና። የሩጫ ጫማ ወፍራም ስፖንጅ አለው፤ ሥራው ግጭትን መዋጥና እግርን ወደ ፊት መግፋት ነው። ለቆመ ሰው ያ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ የመቆም ያህል ነው። ሶሉ ጠፍጣፋ፣ ቀጭን፣ ጠንከር ያለ፣ ተረከዙ ያልተነሣ ጫማ ይሻላል፤ የተለመደው ሸራ ጫማ ዋጋው ሳይወደድ ይህን ያሟላል።

ልምምዱ በአብዛኛው ያለ ጥይት ነው። ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ሁለት ጊዜ ታይቶ፣ ጥይት ከክፍሉ ወጥቶ፣ ምንም ምልክት በሌለበት ነጭ ግድግዳ ፊት መቆም፤ ዒላማ ስለሌለ ዓይን ማነጣጠሪያውን ብቻ ያያል፤ ሰውነትም መወዛወዙን ይሰማዋል። ሽጉጥ የሌለው ሰው አንድ ሊትር ውኃ የያዘ ፕላስቲክ ይበቃዋል፤ ክብደቱ አንድ ኪሎ ነው። ለ30 ሴኮንድ መያዝ፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ አምስት ጊዜ። መንቀጥቀጥ ከጀመረ ይወርዳል፤ እየተንቀጠቀጡ መግፋት መንቀጥቀጥን መለማመድ ነው። በተኩስ ጊዜም ሕጉ ይኸው ነው፦ ሽጉጡ አነጣጥሮ ከተረጋጋ በኋላ ከ5 እስከ 8 ሴኮንድ ውስጥ ካልተተኮሰ ይውረድ። ዓይንን ጨፍኖ ለአንድ ደቂቃ መቆምም ያለ ምንም ዕቃ የሚሠራ ነው፤ ውስጥ እግር የትኛው ቦታ ላይ ክብደት እንደሚያርፍ ያስተምራል።

ግራኝ የሆነ ሁሉን በመስተዋት እንደሚያይ ይገልብጠው። ሀንጋሪያዊው ካሮይ ታካች በ1938 ቀኝ እጁን የእጅ ቦምብ ጎድቶበት በግራው ከባዶ ተምሮ፣ በ1948 እና በ1952 ኦሎምፒክ በ25 ሜትር ፈጣን ተኩስ ወርቅ ወስዷል፤ ቁጥሮቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎቻችሁ በተዘጋ አዳራሽ የሚያዩት አብዛኛው አቋቋም በሁለት እጅ ነው፤ ደረት ለዒላማው፣ ጉልበት ለዘብ ያለ፣ ሰውነት ወደ ፊት ያዘነበለ። እሱ የተሠራው የባሩድ ሽጉጥ ሲረግጥ ቶሎ ተመልሶ ለመተኮስ ነው። የአየር ሽጉጥ እርግጫ የለውም ማለት ይቻላል፤ ወደ ፊት ማዘንበሉ እዚህ ትርፉ ድካም ነው። በዚያው አገር ግን በ25ና በ50 ያርድ በአንድ እጅ የሚተኮስበት የቆየ ውድድር አለ፤ እዚያ ያለው አቋቋም ከላይ የጻፍሁት ነው፤ ሽጉጡ ስለሚረግጥ አንጓና ክርን ይበልጥ ይጠብቃሉ።

አንድ ልመና አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ የተኳሽ ፎቶ ስታትሙ እስከ ጫማው ድረስ ያለውን አትቁረጡብን።

ከአንድ አንባቢያችሁ